የስድሳ አራቱ ቤት ድምር



ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ስለ አንድ ቁጥር ልናገር ነው። ስለ ሒሳብ ትምህርት በጠቅላላው፣ ወይም ቁጥር ለሰው ልጅ ስላስገኘው ጥቅም አይደለም፤ ሰው ስለ አንድ ተራራ ወይም ስለ አንድ ወንዝ ብቻ ተነሥቶ እንደሚናገር ሁሉ እኔም ስለ አንድ ቁጥር ብቻ እናገራለሁ። ቁጥሩም ይህ ነው፦ 18,446,744,073,709,551,615። በግዕዝ አኃዝ ልጻፈው የሚል ሰው ቢኖር እልፉን በእልፍ ላይ እያነባበረ ፲፰፻፵፬፼፷፯፻፵፬፼፯፻፴፯፼፱፻፶፭፼፲፮፻፲፭ ብሎ ሊያሰፍረው ይችላል፤ እንዲህ ሲሰፍርም ሃያው አኃዝ አራት አራት እየሆነ በአምስት ወገን ይመደባል።

እንዲህ ያለ ቁጥር በጉባኤ ሲጠራ የሰሚው የመጀመሪያ ስሜት መደነቅ ነው፤ የሚደነቀውም በብዛቱ ነው፤ ተደንቆም ሲያበቃ ነገሩን ትቶ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። እኔ ግን ብዛት ከቁጥር ጠባዮች ሁሉ ትንሹ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ከማንኛውም ብዙ ቁጥር የሚበልጥ ሌላ ቁጥር ማግኘት የፈለገ ሕፃን እንኳ ቢሆን አንድ ጨምሮበት ያገኘዋልና። የባሕረ ሐሳብ መምህር 532ን ዐቢይ ቀመር ብሎ ሲያከብረው ስለ ብዛቱ አይደለም፤ የጨረቃው 19 እና የፀሐዩ 28 እርስ በርስ ተባዝተው በውስጡ ስለ ተገናኙ፣ ሁለቱ ዙሮች አብረው ወደ ተነሡበት የሚመለሱት በእርሱ ስለ ሆነ ነው። ቁጥርን ማወቅ ማለት በውስጡ ያሉትን ማወቅ ነውና፣ እኔም ዛሬ የያዝኩትን ቁጥር በዚሁ በአባቶቻችን መንገድ፣ ከውስጥ ጀምሬ ልተነትነው እሻለሁ።

ትውልዱ ከሰንጠረዥ ገበታ ነው። ሰንጠረዥ ስንል ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ዐምድና ረድፍ ተሰምሮለት አኃዝ የሚጻፍበትን ገጽ ማለታችን ሆኗል፤ ጥንት ግን ቃሉ በመኳንንቱና በመሳፍንቱ ቤት ይዘወተር ለነበረው ጨዋታ ስም ነበር። በቀይ ጨርቅ ላይ በጠቆሩ መስመሮች ስምንት በስምንት ሆኖ የተከፈለ 64 ቤት፤ በላዩም ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፈረሱ፣ መደቁና የቀሩትም ይሰለፋሉ። የእኛ ሰዎች ጨዋታውን ሲጀምሩ፣ አንዱ ከሌላው ወገን እስኪማርክ ድረስ፣ ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ በፈለጉት ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህንንም ወረራ ይሉታል። ጨዋታው ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን፣ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተጓዘ አንድ አፈ ታሪክ አለ።

አፈ ታሪኩን በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን ኻሊካን የተባለው የዐረብኛ ጸሐፊ በመጽሐፉ አስፍሮታል። ሲሳ የሚባል ብልህ ሰው ጨዋታውን ፈልስፎ ለንጉሡ ለሺህራም ቢያቀርብለት፣ ንጉሡ እጅግ ደስ ተሰኝቶ ዋጋህን ራስህ ጥራ ይለዋል፤ ያም ሰው ለመጀመሪያው ቤት አንዲት የስንዴ ፍሬ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው አራት፣ እንዲሁ ቤቱ በተጨመረ ቁጥር እጥፍ እየሆነ እስከ ስድሳ አራተኛው ድረስ ይሰጠኝ ብሎ ይለምናል። ንጉሡ ልመናው አንሶበት ቅር እንደ መሰኘት አለ፤ የግምጃ ቤቱ ሹማምንት ሒሳቡን ሠርተው ሲመለሱ ግን በመንግሥቱ ያለው እህል ሁሉ እንደማይበቃ ታወቀ።

ይህን ታሪክ በመጽሐፍ ያነበበ ብዙ ነው፤ በእጁ የሞከረው ግን ጥቂት ይመስለኛል። ለዚህ ዲስኩር ስዘጋጅ አንድ ማታ በትልቅ ወረቀት ላይ 64 ቤት አሰመርኩና፣ በስንዴ ፋንታ በእኛው ጤፍ ልሞክረው ተነሣሁ። ጤፍ ስሟ እንኳ «ጠፋ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው እስኪባል ድረስ ያነሰች ፍሬ ናትና በጣት ተለቅማ አትቆጠርም፤ በነጭ ሳሕን ላይ በትኜ በመርፌ ጫፍ አንዳንዷን እየገፋሁ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ረድፍ ስምንቱ ቤት ተደምሮ 255 ፍሬ ሲሆን፣ ይህን ያህል ጤፍ ሰብስቤ በጣቴ ጫፍ ባነሣው ክብደቱ ፈጽሞ አልተሰማኝም። ዘጠነኛው ቤት ብቻውን 256 ጠየቀኝ፤ ከርሱ በፊት ያሉት ስምንቱ ተደምረው ከፈጁብኝ በአንዲት ፍሬ የሚበልጥ ነው። ዐሥረኛው 512 ጠየቀ፤ ይኸውም እስከዚያ ሌሊት ድረስ ከቆጠርኩት ሁሉ አሁንም በአንዲት ፍሬ የሚበልጥ ነው። በዚህ ጊዜ መርፌውን አስቀምጬ ወደ ብዕሩ ተመለስኩ።

አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ከአንድ ግራም ሲሶ የማይሞላ፣ ሦስት ዐሥረኛ ግራም ያህል ይመዝናል። በዚህ መሠረት እስከ ሁለተኛው ረድፍ ፍጻሜ 65,535 ፍሬ ሲሆን፣ ይህም 20 ግራም ያህል ነው፤ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። እስከ ሦስተኛው ረድፍ 5 ኪሎ ይሆናል፤ እስከ አራተኛው፣ ማለት እስከ ገበታው እኩሌታ፣ 13 ኩንታል ያህል ይሆናል፤ ይህን ያህል ደግሞ አንድ ደኅና ገበሬ በጎተራው ሊያገኝ ይችላል። እስከ አምስተኛው 3,300 ኩንታል፣ እስከ ስድስተኛው 844,000፣ እስከ ሰባተኛው 216 ሚሊዮን፣ እስከ ስምንተኛውና እስከ መጨረሻው ረድፍ 55 ቢሊዮን ኩንታል። ሀገራችን በዓመት የምታመርተው ጤፍ ከ50 ሚሊዮን ኩንታል ትንሽ የሚበልጥ ነውና፣ ዕዳውን ለመክፈል ወደ አንድ ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዘመን ማንም እንጀራ ሳይበላ መከማቸት አለበት ማለት ነው። በአፈ ታሪኩ እንደ ተባለው በስንዴ ይሁን ቢባል ደግሞ፣ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ዛሬ በያመቱ የሚያመርተው ስንዴ ከ900 ዓመት በላይ ቢጠራቀም ነው የሚበቃው። የሚያስገርመው ነገር፣ እስከ ገበታው እኩሌታ ድረስ ንጉሡ ዕዳውን በቀላሉ ይከፍል ነበር፤ የማይከፈለው ሁሉ ያለው በሁለተኛው እኩሌታ ነው።

ከብዛቱ ጋር እዚህ ላይ እንሰነባበትና ወደ ውስጡ እንግባ። ዘጠነኛው ቤት ከስምንቱ ድምር በአንዲት ፍሬ የበለጠበት፣ ዐሥረኛውም ከዘጠኙ እንዲሁ የበለጠበት ምክንያት ምንድን ነው? ነገሩን በብድር እንመልከተው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ከጎረቤት ተበድረን በመጀመሪያው ቤት ላይ እንጨምር፤ ያ ቤት ሁለት ይሆናል፤ ሁለት ደግሞ የሁለተኛው ቤት ልክ ነው። እነዚህን ሁለቱን ብንደባልቃቸው አራት ይሆናሉ፤ አራትም የሦስተኛው ቤት ልክ ነው። ሦስተኛውን ስንደባልቅበት ስምንት፣ አራተኛውን ስንደባልቅበት ዐሥራ ስድስት፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ በመጨረሻም የስድሳ አራተኛው ቤት እጥፍ፣ ይኸውም 18,446,744,073,709,551,616 ይሆንና፣ ያቺን የተበደርናትን አንዲት ፍሬ ለባለቤቷ ስንመልስ ቁጥራችን ወለል ብሎ ይታያል። ስድሳ አራት ቁጥሮችን መደመር ሳያስፈልግ፣ በአንዲት ፍሬ ብድር ብቻ ድምሩ ተገኘ።

እስከዚያ ከፍተኛ እጥፍ ለመድረስስ ስድሳ አራት ጊዜ ማባዛት ያስፈልግ ይሆን? ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበረው የኽዋሪዝሙ ተወላጅ አል ቢሩኒ አያስፈልግም አለ። እርሱ ስለ ጥንታውያን ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ የሰንጠረዥ ድምር ሠርቶ አሳይቷል፤ መንገዱም ቁጥርን በራሱ ማባዛት ነው። ሁለት በራሱ ሲባዛ 4፣ 4 በራሱ 16፣ 16 በራሱ 256፣ 256 በራሱ 65,536፣ 65,536 በራሱ 4,294,967,296፣ ይህም በራሱ ሲባዛ የተፈለገው ይሆናል። ስድስት ማባዛት ብቻ! ከዚያ አንድ ይቀነሳል። ብዕርና ወረቀት ብቻ የነበረው ሰው ሃያውን አኃዝ አንድም ሳይስት ጽፎ ያለፈው በዚህ ዘዴ ነው፤ እኔም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ሠርቼው ያንኑ አግኝቻለሁ።

የእነዚህ እጥፍ እጥፍ ቤቶች ሁለተኛው ጠባይ ከመጀመሪያው ይልቅ ረቂቅ ነው። በገበታው ላይ ካሉት ቤቶች የተወሰኑትን ብቻ መርጠን ብንደምር፣ ከአንድ ጀምሮ እስከዚህ እስከ ታላቁ ቁጥራችን ድረስ ያለ ማንኛውም ቁጥር ይገኛል፤ የሚገኘውም በአንድ ምርጫ ብቻ ነው እንጂ በሁለት አይደለም። 13ን ብትፈልጉ አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቤት ትወስዳላችሁ፤ 1 እና 4 እና 8 ናቸውና፤ ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ ቁጥራችን የስድሳ አራቱ ቤቶች ሁሉ ድምር እንደ መሆኑ የምርጫዎቹ ሁሉ ፍጻሜ ነው፤ ከእርሱ በላይ ያለው ቁጥር ስድሳ አምስተኛ ቤት ይሻል።

ይህን ጠባይ የንግድ ሰዎች ምሥጢሩን ሳይመረምሩ ይጠቀሙበት እንደ ነበር የሚያሳይ አንድ የማባዛት ዘዴ አለ፤ በጥንታውያን ግብፃውያን ጽሑፍ ውስጥ መሠረቱ ይገኛል፤ የውጭ ሀገር የሒሳብ መጻሕፍት ግን የኢትዮጵያውያን ማባዛት ብለው በስማችን ይጠሩታል። አንድ ሰው 13 በግ እያንዳንዱን በ24 ብር ገዛ እንበል። በአንድ ወገን 13ን እያጋመሰ፣ ትርፍራፊውን እየተወ ይወርዳል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በሌላው ወገን 24ን እያጠፈ ይወርዳል፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከዚያ በግራ በኩል ያለ ትርፍ እኩል የሚከፈለውን፣ ማለት 6ን፣ ከትይዩው ከ48 ጋር ይሰርዛል፤ የቀሩትን 24ን፣ 96ንና 192ን ደምሮ 312 ብር ይላል። የማባዣ ሰንጠረዥ በቃሉ አላጠናም፤ ማጋመስ፣ ማጠፍና መደመር ብቻ ያውቃል፤ ሆኖም አይሳሳትም። የማይሳሳተውም 13 ከአንደኛው፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ቤት ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ ነው። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክም ቢሆን ቁጥርን የሚያስበው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስድሳ አራት ጠባብ ቤቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ቤት ወይ የበራ ወይ የጠፋ ነው፤ ሁሉም በአንድነት የበሩ እንደ ሆነ በዚያ መዝገብ የሰፈረው ቁጥር ይኸው የእኛው ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ልቡ እየቀረብን ነው። ቁጥራችን በምን በምን ይካፈላል? በ5 መካፈሉ ከመጨረሻው አኃዙ ይታወቃል። በ3 መካፈሉን ማወቅ የሚሻ ሃያዎቹን አኃዞች ይደምር፤ 87 ያገኛል፤ 87 በ3 ይካፈላልና ቁጥሩም ይካፈላል። የቀሩትን ለማግኘት ግን ወደ ገበታው መመለስ ይሻላል። ሁለተኛው ረድፍ ከመጀመሪያው ረድፍ ቤት ለቤት 256 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ረድፎች በአንድነት የመጀመሪያው ረድፍ 257 እጥፍ ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው ረድፎች ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት 65,536 እጥፍ ናቸውና፣ አራቱ በአንድነት የሁለቱ 65,537 እጥፍ ይሆናሉ። የታችኛው እኩሌታ ከላይኛው እኩሌታ 4,294,967,296 እጥፍ ነውና፣ ገበታው በሙሉ የላይኛው እኩሌታ 4,294,967,297 እጥፍ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ራሱ፣ 255፣ ከ3፣ ከ5ና ከ17 ብዜት የተሠራ ነው። እንግዲህ ቁጥራችን የ3፣ የ5፣ የ17፣ የ257፣ የ65,537 እና የ4,294,967,297 ብዜት ሆነ።

እነዚህን ስድስት ቁጥሮች በ1640 (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እየተናገርኩ ነው) በቱሉዝ ከተማ በሕግ ሥራ ላይ የነበረው ፒየር ዴ ፌርማ ይዟቸው ይመራመር ነበር። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከአንድና ከራሳቸው በቀር በምንም የማይካፈሉ፣ በትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር የምንላቸው ናቸው። ፌርማም የዚህ ዘር የሆኑት ሁሉ እስከ ዘለዓለም ድረስ ብቸኛ ይሆናሉ ብሎ አመነ፤ ማመኑን ለወዳጆቹ ጻፈላቸው፤ ማስረጃውን ግን እንዳላገኘ አልሸሸገም። ከዘጠና ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1729፣ ጎልድባኽ የተባለ ሊቅ ጉዳዩን ለወጣቱ ለሌዮንሃርድ ኦይለር በደብዳቤ አመለከተው፤ ኦይለርም በ1732 ስድስተኛው ቁጥር፣ 4,294,967,297፣ ብቸኛ አለመሆኑን፣ በ641 መካፈሉን አሳየ። ብዜቱም 641 ጊዜ 6,700,417 ነው።

ኦይለር ይህን ያገኘው ቁጥሮችን አንድ በአንድ ሲሞክር ኖሮ አይደለም። የዚህ ቁጥር አካፋይ የሚሆን ብቸኛ ቁጥር ሁሉ በ64 ሲካፈል አንድ የሚተርፈው መሆን እንዳለበት ተገንዝቦ ነበር፤ እንዲህ ያሉትም ብቸኛ ቁጥሮች በተራ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ ተገኘ። የገበታው ቤቶች ቁጥር፣ 64፣ አካፋዩን ለመፈለጊያ መንገድ ሆኖ እዚህ ተመልሶ መምጣቱን ልብ በሉልኝ።

የኦይለርን ቃል በእምነት ብቻ እንድትቀበሉ አልፈልግምና፣ እዚሁ እንመርምረው። 641ን በሁለት ወገን እንየው። በአንድ ወገን 5 ጊዜ 128 ሲደመር 1 ነው፤ በሌላ ወገን 625 ሲደመር 16 ነው። ከመጀመሪያው እንነሣ፦ 5 ጊዜ 128፣ ማለት 640፣ ከ641 በአንድ ይጎድላል። 640ን አራት ጊዜ እርስ በርሱ ብናባዛው፣ ጉድለት በጉድለት ሲባዛ ትርፍ ይሆናልና፣ ከ641 ብዜት አንድ የሚተርፍ ቁጥር ይሆናል። ያ ቁጥር ደግሞ ከ625 እና ከ268,435,456 ብዜት የተሠራ ነው፤ የፊተኛው 5 አራት ጊዜ ተባዝቶ፣ የኋለኛው 128 አራት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። አሁን ሁለተኛውን ወገን እናምጣ፦ 625 ማለት 641 ሲቀነስ 16 ነው፤ ስለዚህ ያ ቁጥር 641 ጊዜ 268,435,456፣ ከርሱም ላይ 16 ጊዜ 268,435,456 ተቀንሶ፣ ነው። 16 ጊዜ 268,435,456 ስንት ነው? 4,294,967,296 ነው። ከ641 ብዜት ላይ ይህን ቀንሰን ሌላ የ641 ብዜትና አንድ ትርፍ ካገኘን፣ 4,294,967,296 አንድ ሲጨመርበት ራሱ የ641 ብዜት ነው ማለት ነው። ረጅሙን ማካፈል ሳንሠራ፣ በ5ና በ2 ብቻ፣ ፌርማ በሕይወቱ ያላየው ነገር ታየን። ይህን ማስረጃ በመጀመሪያ በተረዳሁበት ቀን ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ሰዓት ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ አሁንም ስናገረው ያው ደስታ ይሰማኛል።

እንግዲህ የቁጥራችን አባላት ሰባት ናቸው፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 641፣ 65,537 እና 6,700,417። አንዳቸውም አይደገሙም። ሰባቱን እያንዳንዳቸውን መውሰድ ወይም መተው ይቻላልና፣ ቁጥሩ ያለ ትርፍ የሚካፈልባቸው ቁጥሮች በጠቅላላው 128 ናቸው፤ ይኸውም በመጀመሪያው ረድፍ መጨረሻ፣ በስምንተኛው ቤት፣ የሚቀመጠው የጤፍ ፍሬ ልክ ነው።

የላይኛው እኩሌታ ግን ለብቻው ሌላ ክብር አለው። በማርች 30 ቀን 1796 ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ፣ ምልክት በሌለው ማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ አሥራ ሰባት እኩል ጎኖች ያሉት ምስል መሥራት እንደሚቻል ደረሰበት። ከግሪኮቹ ሊቅ ከኤውክሊድ ዘመን ጀምሮ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል በዚህ ነገር ላይ አንዳች የተጨመረ አልነበረም። ጋውስ በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን አስፋፍቶ ገለጠው፤ ፈረንሳዊው ቫንትዜል በ1837 የቀረውን ግማሽ ማስረጃ ፈጸመው፤ የፍርዱም ቃል ይህ ነው፦ የጎኖቹ ቁጥር ጎዶሎ የሆነ እኩል ጎነ ብዙ ምስል በማስመሪያና በኮምፓስ የሚሠራው፣ ያ ቁጥር ከፌርማ ዘር ከሆኑ ብቸኛ ቁጥሮች፣ አንዱም ሳይደገም፣ የተባዛ እንደ ሆነ ብቻ ነው። እነርሱም እስከ ዛሬ የሚታወቁት አምስት ናቸው፤ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። አምስቱ ሁሉ ሲባዙ 4,294,967,295 ይሆናሉ። ይህ ቁጥር ምንድን ነው? የገበታችን የላይኛው እኩሌታ ድምር ነው፤ ንጉሡ ያለ ጭንቀት ሊከፍለው የሚችለው ያ 13 ኩንታል ጤፍ ነው። በማስመሪያና በኮምፓስ እንደሚሠሩ ከሚታወቁት ባለ ጎዶሎ ጎን ምስሎች ሁሉ ትልቁ፣ ለዚያ ጤፍ ለእያንዳንዷ ፍሬ አንድ ጎን ያለው ምስል ነው ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ምስሎች በጠቅላላው 31 ብቻ ናቸው። ከእነርሱም አንዱን፣ ባለ 65,537 ጎኑን፣ ዮሐን ሄርመስ የተባለ ጀርመናዊ መምህር ዐሥር ዓመት ሙሉ ደክሞበት አሠራሩን ጽፏል፤ ጽሑፉም ከ1894 ጀምሮ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ጥቅሙ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አንድ ሰው አንድን ነገር ፍጹም አድርጎ ለመጨረስ ዐሥር ዓመት መስጠቱን፣ ብራና ዳምጦ ቀለም በጥብጦ ዳዊት ሲጽፍ የሚኖረውን ጸሐፊ ድካም እንደማከብር ሁሉ፣ አከብረዋለሁ።

በ1883 ሁለት ነገሮች ሆኑ፤ ሁለቱም ከገበታችን ጋር ዝምድና አላቸው። ኤድዋር ሉካስ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ሦስት ምሰሶና በመጠን የሚበላለጡ ክቦች ያሉበትን ጨዋታ አወጣ፤ ትልቁን በትንሹ ላይ ሳያኖሩ፣ አንድ አንዱን ብቻ እያነሡ፣ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ከጨዋታውም ጋር በህንድ ቤተ መቅደስ ካህናት 64 የወርቅ ክቦችን ሲያዛውሩ ይኖራሉ፣ ሲጨርሱም ዓለም ያልፋል የሚል ተረት አያያዘበት። ለ64 ክብ የሚያስፈልገው የማንሣት ቁጥር ልክ የእኛው ቁጥር ነው፤ በየሰከንዱ አንድ ቢያነሡ 584 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ ሊቃውንት ለዓለመ ፍጥረት ከሚሰጡት 13.8 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ አርባ እጥፍ የሚበልጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር ግን ለእኔ ከዚህ ይልቅ የከበደ ነው። ኢቫን ፔርቩሺን የሚባል የኦርቶዶክስ ቄስ በሩሲያ፣ በኡራል ተራሮች አካባቢ፣ ገጠር ተቀምጦ መንጋውን እየጠበቀ በትርፍ ሰዓቱ ቁጥር ይመረምር ነበር። በገበታው ላይ የሚሰፍረውን እህል በስድሳ አንደኛው ቤት ላይ ብናቆመው ድምሩ 2,305,843,009,213,693,951 ይሆናል፤ ይህም ቁጥር ብቸኛ መሆኑን፣ ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም እንደማይካፈል ያረጋገጠው በ1883 ይህ ቄስ ነው። ገበታውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በየቤቱ እያቆምን ብንሄድ ድምሩ ብቸኛ የሚሆንባቸው ቤቶች ዘጠኝ ብቻ ናቸው፦ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ዐሥራ ሦስተኛው፣ ዐሥራ ሰባተኛው፣ ዐሥራ ዘጠነኛው፣ ሠላሳ አንደኛውና ስድሳ አንደኛው። ሠላሳ አንደኛውን ያረጋገጠው ኦይለር ነው፤ በ1772፣ የዓይኑ ብርሃን ከሞላ ጎደል ከጠፋ በኋላ። የመጨረሻው ለአንድ የገጠር ቄስ ተጠብቆ ቆየ። ከስድሳ አንደኛው ቤት ሦስት ቤት ብቻ አልፈን ስንቆም ደግሞ፣ ያ የማይነካው ቁጥር 128 በር ያለው ቤት ሆኖ ይገኛል።

በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ አንድ ቃል ለእናንተ ልተው። ፌርማ ብቸኛ ናቸው ብሎ ካመነባቸው ቁጥሮች መካከል፣ 3ን ዜሮኛ ብለን ስንቆጥር፣ ከዜሮኛው እስከ አራተኛው ያሉት ብቸኛ ናቸው፤ ኦይለር ያፈረሰው አምስተኛውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ድረስ ያሉት ሁሉ ብቸኛ እንዳልሆኑ ተረጋግጧል። ሠላሳ ሦስተኛው ግን ብቸኛ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ከእርሱ በኋላ አንድ እንኳ ሌላ ብቸኛ ይኑር አይኑር የሚያረጋግጥ ማስረጃም ከማንም እጅ አልወጣም። ቦታው ክፍት ነው።